የጋሽ ቆይ የመጨረሻ የእንጨት መሪ

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ቆይ» እያለ የሚጠራቸው አባታችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1941 ዓ.ም. ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው በአባታቸው ሥራ ቤት መላጊያ ጨበጡ። በ1964 ዓ.ም. አንድ ጋራዥ ተቀጥረው ለአሮጌ የስፖርት መኪኖች የእንጨት መሪ መሥራትና መግጠም ጀመሩ። የጋራዡ ጸሐፊ የነበሩትን እናታችንን በ1968 ዓ.ም. አግብተው ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ አሳድገዋል።

ቅጽል ስማቸውን ያተረፈላቸው ሥጋታቸው ነው። በር ቆልፈው መንገድ ከጀመሩ በኋላ «ቆይ፣ ቆይ» ብለው ይመለሱና እጀታውን ይነቀንቃሉ። በሠርጋቸው ዕለት እንኳ ሙሽሪትን መኪና ውስጥ ትተው ሁለት ጊዜ ተመልሰዋል፤ እናታችን ይህን እስከ ዛሬ አልረሱትም። መሪ ሲገጥሙም መሐሉን የሚይዘውን ዳዶ አጥብቀው፣ መጥበቁን እንዲያውቁ በነጭ ቀለም ያሰምሩበት ነበር። እኛ ልጆቻቸው ስቀንባቸዋል።

ባለፈው ሚያዝያ ለጎረቤታችን ለሂሳብ አስተማሪው ባለ ሁለት ወንበር ቀይ መኪና መሪ ገጠሙ። የዚያኑ ዕለት ሕመም ጥሏቸው ሆስፒታል ገቡ። ከሕመሙ ይልቅ እንቅልፍ የነሳቸው ያ ዳዶ ነበር፤ ማጥበቃቸውን ማስታወስ አቃታቸው። አስተማሪው ደግሞ ቅዳሜ በዚያው መኪና ልጁን ይዞ ቁልቁለት ሊወርድ ነው። እኛ ወንዶቹ የተለመደው ሥጋት ነው ብለን አቃለልነው። መካኒኳ እህታችን ግን ዓርብ ከሰዓት ሄዳ መሪው መሐል ያለውን የክላክስ ክዳን ከፈተች። ነጩ መስመር የለም። ዳዶው በጣቷ ስትነካው ዞረ።

አጥብቃ፣ ቀለሙን አስምራ ተመለሰችና «አባዬ፣ ጠብቋል» አለቻቸው። ጣቷ ላይ የቀረውን ቀለም አይተው ሳያጠብቁት እንደቀሩ ገባቸው። «ስሞት ይህን እንዳትደብቁልኝ» አሏት። ያን ሌሊት እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ሰኞ ግንቦት 5 ቀን 2016 ዓ.ም. በ75 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። አስተማሪውም ከነልጁ እዚህ መካከላችን ቆሟል። እኛ የሳቅነው ይቅርታ እንጠይቃለን።

ዛሬ ጠዋት ቤቱን ቆልፈን ስንወጣ እናታችን «ቆይ፣ ቆይ» ብለው ተመልሰው እጀታውን ነቀነቁ። ማንም አልሳቀም። ፈጣሪ የአባታችንን ነፍስ ሥጋት በማይደርስበት ያሳርፍልን።