የመለሰልኝ ኮንቴይነር

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ዛሬ ወደ ጎጃም የሚሻገር ኮንቴይነር የጫነ መኪና ኬላችን ላይ ቆመ። በሩ ላይ የታሰረውን የእሽግ ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አመሳከርኩ፤ ልክ ነው። እንደ ልማዴ ብረቱን በድንጋይ መታ መታ አድርጌ ጆሮዬን ለጠፍኩ። ከውስጥ አንድ ነገር የመለሰልኝ መሰለኝ።

«ይከፈት» አልኩ።

ሹፌሩ ሳቀ። «እናቴ፣ አብሽሩ። ሳሙና መልስ አይሰጥም።»

አለቃዬ ግን አልሳቀም። «እትዬ፣ ባለፈው ለእርስዎ ስል እሽግ ቆርጬ ስሚንቶ ነው የተገኘው። ዛሬ አልቆርጥም» አለኝ። እውነቱን ነው። መኪናው ሄደ።

ባለቤቴ ሞቶ እዚህ ስቀጠር ማንበብ እንደማልችል ደብቄ ነበር። ቁጥሩን ሳላውቀው «ልክ ነው» ብዬ ካሳለፍኩት መኪና ውስጥ የሁለት ልጃገረዶች አስከሬን ወጣ። እሽጉ ተቀይሮ ኖሯል። ፊደልና ቁጥር ለብቻዬ የተማርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ማንበብ ከቻልኩ የሚበቃ መስሎኝ ነበር።

ዛሬ አነበብኩት። ልክ ነበር።

ታርጋውን መዳፌ ላይ ጽፌው ነበር፤ አሁን እዚህ ገልብጬዋለሁ። እራቴን አቅርቤ ተቀምጫለሁ። እጄን መታጠብ ግን አቃተኝ።