ከጥናትሽ የወጡት ትምህርት ቤቶች

ጥሩዬ፣

ካጣሁሽ ሁለተኛው ክረምት ሊወጣ ነው። ደባርቅ ዘንድሮም ጉሙ እስከ ቀትር አልገለጥ ብሎ ከርሟል። ደህና ነኝ አልልሽም። ሰው ለሞተበት ሲጽፍ ናፍቆቱን ነው የሚያስቀድመው፤ የእኔ ናፍቆት ግን ከንዴቴ ጋር ተደባልቆ መለየት አቅቶኛል።

ሜሮን ጎንደር ገብታ ነርስነት ትማራለች። «የእማዬን ትምህርት ለምን አልመረጥሽም?» ብላት «አባዬ፣ የእማዬ ትምህርት ለእማዬ ምን አደረገላት?» አለችኝ። የምትሠሪበትን ጠረጴዛ ወደ መስኮቱ አስጠግቼ የተማሪዎቼን ደብተር አርምበታለሁ። አሁንም ዳባት እየተመላለስኩ አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ቤቱ ይቀዘቅዛል፤ አንዳንዴ ስመለስ ካፖርቴን ሳላወልቅ እተኛለሁ።

የምርምር ዘዴ ኮርስሽን የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ሁሉ ይፈራው ነበር። እኔን ግን ናሙና ምን እንደሆነ ያስረዳሽኝ ቅዳሜ ገበያ ላይ ነው። ነጋዴው ገብሱን ከላይ ከላይ እየዘገነ ሲያሳይሽ፣ እጅሽን እስከ ክርንሽ ጆንያው ውስጥ ከተትሽና ከታች ያለውን አወጣሽ። ነቀዝ በልቶት ነበር። «የእኔ ሥራ ይኸው ነው» አልሽኝ። ነጋዴው ሲያኮርፍ እየሳቅን ሄድን።

ያ ጥናት ሲሰጥሽም እንደዚያው አደረግሽ። ፕሮጀክቱ የአንደኛ ደረጃ መምህራንን ንባብ እንዴት እንደሚያስተምሩ ያሠለጥን ነበር፤ ያንቺ ድርሻ ሥልጠናው ልጆቹን ጠቅሟል ወይ የሚለውን መመዘን ነው። ለመኪና የሚመቹትን ትምህርት ቤቶች ውሰጂ ቢሉሽ እምቢ ብለሽ በዕጣ መረጥሽ። ዕጣው ከመካነ ብርሃን ወዲያ መንገድ ያልገባባቸውን ቀበሌዎችም አወጣ። በእግርሽ ሄድሽ። ስትመለሺ የቆሰለ እግርሽን እያጠብኩልሽ ያገኘሽውን ነገርሽኝ፤ የሠለጠኑት መምህራን ተማሪዎች ካልሠለጠኑት ተማሪዎች አይሻሉም። ሩቆቹ ጋ ጭራሽ የፕሮጀክቱ የንባብ መጽሐፍም አልደረሰም። አዝነሽ ነበር፤ ግን ከታወቀ ይስተካከላል ብለሽ አምነሽ ነበር።

ሙሉጌታ፣ አንቺው አስተምረሽ ለወግ ያበቃሽው፣ ቤታችን ራት ሲበላ የኖረው፣ ያኔ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ነበር። ቢሮው ጠርቶ «ሩቆቹን ትምህርት ቤቶች ከስሌቱ ብናወጣቸው ውጤቱ ያምራል፤ ፕሮጀክቱም አይቋረጥም» አለሽ። «ሙሌ፣ የምታወጣው እኮ ልጆችን ነው» አልሽው። ጥናቱን ከእጅሽ ወስደው ለእሱ ሰጡት። ሩቆቹን አወጣቸው፤ ሥልጠናው ሠርቷል ተብሎ ተጻፈ። ከዚያ ኮርስሽን ለሌላ ሰው ሰጡ። የተባባሪ ፕሮፌሰርነት ማመልከቻሽም እየታየ ነው ሲባል ከረመ። በሽታው ሲጥልሽም እየታየ ነበር። ስንቀብርሽም።

ይኸን ታውቂዋለሽ። የማታውቂውን ልንገርሽ።

ባለፈው ግንቦት ትልቁ አዳራሽ ውስጥ መታሰቢያ አዘጋጁልሽ። ሙሉጌታ ተነሥቶ ሐቀኝነትን ከአንቺ እንደተማረ ተናገረ። ድምፁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። የምስክር ወረቀትሽን እንድቀበል ስጠራ ማይክራፎኑን ያዝኩና «ባለቤቴ በእግሯ የሄደችባቸው ትምህርት ቤቶች ከሪፖርቱ ወጥተዋል። መልሷቸው» አልኩ። አጨበጨቡልኝ። ያመሰገንኳቸው መስሏቸው ይሁን ሐዘንተኛ ነው ብለው ችለውኝ፣ አላውቅም። ስወጣ ሙሉጌታ በሩ ላይ ክንዴን ይዞ «ጋሼ፣ እኔም እኮ ልጆች አሳድጋለሁ» አለኝ። ክንዴን አስለቅቄ ሄድኩ።

ሐምሌ ላይ ደግሞ ያው ሥልጠና ዳባት መጣ። ሠርቷል ስለተባለ ለሌሎች ወረዳዎችም አዳርሰውታል። ሠልጣኝ ሆኜ ተቀመጥኩ። አሠልጣኙ «ይኼ በጥናት የተረጋገጠ ነው» እያለ ሲደጋግም እጄን አውጥቼ «ማን አጠናው?» አልኩት። የሙሉጌታን ስም ጠራ። የአንቺን ስም ሰምቶት አያውቅም። ከክፍሌ ልጆች ግማሾቹ ዛሬም ስማቸውን አስተካክለው አይጽፉም፤ እኔ ግን ሠልጥኛለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው በራችንን አንኳኳ። ከጃናሞራ ለክረምት ትምህርት የመጣ መምህር ነው፤ ፈንታ ይባላል። በእግርሽ ከሄድሽባቸው ትምህርት ቤቶች በአንዱ ያስተምራል። «መምህርት ጥሩወርቅ አሉ?» አለኝ። መሞትሽን አልሰማም ነበር። ስነግረው ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ በጋቢው ፊቱን ሸፈነ። አስገባሁት። እግዜር ያጥናህ አለኝ። ከዚያ እያፈረ «የልጆቻችንስ ውጤት ምን ሆነ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ተመልሰው ሊነግሩን ቃል ገብተውልን ነበር።»

ከጥናቱ እንዳወጧቸው ነገርኩት።

«እኛ እኮ ወላጅ ሰብስበን፣ ውጤቱ ሲመጣ መጽሐፍም ይመጣል፣ ታገሡ ብለናል» አለኝ። «እስካሁን ይጠይቁናል።»

ጥሩዬ፣ እነሱ እየጠበቁሽ ነው። ይኸን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ አልወስደኝ ብሏል። የየትምህርት ቤቱ ውጤት ላፕቶፕሽ ውስጥ እንዳለ ነው፤ ሜሮን ለእንቁጣጣሽ ስትመጣ ታወጣልኛለች። መስቀል ሲያልፍ ወንዞቹ ይጎድላሉ። ርዕሰ መምህሬ ፈቃድ አልሰጥም ብሎኛል፤ ደመወዜን ይቁረጥ። ፈንታ ከመካነ ብርሃን ተቀብሎ ይመራኛል። ልጆቻችሁ ማንበብ አልቻሉም፣ ጥፋቱ የእነሱ አይደለም፣ መጽሐፉን የከለከሏችሁ ሰዎች ዛሬም ወንበራቸው ላይ ናቸው እላቸዋለሁ። ቃል ገብታላችሁ ነበር፣ መመለስ ስላልቻለች እኔ መጣሁ እላቸዋለሁ።

በሕይወት እስካለሁ የማስታውስሽ እንዲህ ነው። እነሙሉጌታን ይቅር ስለማለት ግን አትጠይቂኝ፤ ገና አልደረስኩበትም።

ባልሽ፣
አለሙ