ከሻለቃ ሥር ያነጠፍኩት ጥቁር ጠጠር

ተፈራዬ፣ የቤቴ ጌታ፤

ከተለያየን ዓመት ሊሞላ ነው። ቅዳሜ ሙት ዓመትህ ነው። ከጎሮ እህትህ፣ ከገሰራ የአጎትህ ልጆች ይመጣሉ። ጠላው ተጠምቋል፣ ለካህናቱም ተነግሯል። ከጸሎቱ በኋላ ሴቶቹ ጓዳ አስገብተው ከሌን ያስወልቁኛል፤ አንተ የገዛህልኝን ቡናማ ቀሚስ ያለብሱኛል። በወጉ መሠረት ሐዘኔ እዚያ ላይ አበቃ ማለት ነው። ወግ ምን ይሳነዋል!

የምጽፍልህ ግን ስለ ድግሱ አይደለም፤ ስለ ዓሣህ ነው። አትሳቅብኝ።

መጀመሪያ የቤትህን ወሬ ልንገርህ። ወንበርህ ላይ የሚቀመጥ ጠፍቶ የልብስ መከመሪያ ሆኗል። የጓሮውን ጽድ ነፋስ ጥሎት ተቆረጠ። ሮቤ እንደሁ ያው ናት፤ ጠዋት ብርድ፣ ከሰዓት ነፋስ፣ ማታ መብራት የለም። ልጃችን ሰላም ከሐዋሳ በደወለች ቁጥር ቤቱን አከራይተሽ ወደኔ ነይ ትለኛለች። እኔም አስብበታለሁ እያልኩ ስልኩን እዘጋለሁ።

ትዝ ይልሃል፣ ጡረታ እንደወጣህ መስታወት አስቆርጠህ አኳሪየሙን ራስህ ስትገጣጥመው ሰፈሩ እንዴት እንደሳቀብህ? ዓሣ ጠብሰው ይበሉታል እንጂ ቁጭ ብለው ያዩታል እንዴ ተባለ። እኔም አብሬ ስቄያለሁ። የተኮራረፍነው ግን ከሥሩ በሚነጠፈው ጠጠር ነው። አንተ ጥቁር ይሁን አልክ። ዓሣ ጥቁር ላይ ሲሆን ይረጋጋል፣ ቀለሙም ይደምቃል፤ ነጭ ላይ ግን መደበቂያ ያጣ እየመሰለው ይሸማቀቃል፣ ይገረጣልም ብለህ አስረዳኸኝ። እኔ ደግሞ ሟርትህን ወዲያ፣ በሰላም አገር ሳሎኔ ውስጥ ጥቁር አይነጠፍም አልኩህ። ስንት ቀን ተዘጋግተን ከሰነበትን በኋላ ነጭ ጠጠር ይዘህ ገባህ።

ዓሦቹ እውነትም ገረጡ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ ጠጠሩ እየጠቆምክ፣ የወይዘሮዋ ምርጫ ነው ትል ነበር። ሁልጊዜ ከፊት የሚዋኘውን ትልቁን ዓሣ ሻለቃ ብለህ ጠራኸው፤ እኔ ደም ግባት የሌለው ሻለቃ እያልኩ አሾፍኩበት። አንተ ትስቃለህ፤ ስትስቅም ያ ሳል ይነሳብሃል። ሳልህን ከሳቁ ለይተን አናየውም ነበር።

ጎባ ሆስፒታል በእግርህ ገባህ። ከበሩ ላይ ዞረህ፣ ሻለቃን እንዳታስርቢው አልከኝ። እኔ ሌላ ነገር ትለኛለህ ብዬ ጠብቄ ነበር። ከዚያ በኋላ የተናገርከው የለም። ሠላሳ ዓመት አብሬህ ኖሬ የመጨረሻ ቃልህ ስለ ዓሣ መሆኑ እስካሁን ያናድደኛል።

ለአርባህ ዋዜማ የእድር ሴቶች ቤቱን ሊያጸዱልኝ መጡ። እኔ ጓዳ ከለቀስተኛ ጋር ተቀምጬ ነበር። እትዬ ዘነበችን ታውቃቸዋለህ፤ እድፍ አይተው አያልፉም። ጠጠሩ አረንጓዴ ለብሶ ሲያዩት፣ ነገ ይህ ሁሉ ሰው ሊመጣ የሟች ቤት እንዲህ አይታይም ብለው ዓሦቹን በባልዲ አወጡ። ጠጠሩን በዱቄት ሳሙና አሽተው አሽተው፣ ለቅለቅ አድርገው መለሱት። ዓሦቹንም መለሷቸው። ከጓዳ ስወጣ ውኃው አረፋ አውጥቷል፤ ዓሦችህ ሆዳቸውን ወደ ላይ ሰጥተው ተንሳፍፈዋል። ሻለቃ ብቻ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። እሱን አፍሼ ንጹሕ ውኃ ያለበት ሳፋ ውስጥ ጨመርኩት። እትዬ ዘነበች መሬት ተቀምጠው ያለቅሳሉ። ምን ልበላቸው? የገደሏቸው በፍቅር ነው።

ጠጠሩን አስደፋሁት። መስታወቱ ዓመቱን ሙሉ ባዶውን ቆመ፤ ሻለቃም ወጥ ቤት ነጭ ሳፋ ውስጥ ከረመ። በቅርቡ ግን መብላት አቆመ። እንደ ወረቀት ነጥቶ ከሥር ይተኛል፤ ጥላዬን ሲያይ ከሳፋው ጠርዝ ጋር ይላተማል። ተፈራ፣ ፈራሁ። እዚህ ቤት ካንተ የቀረ ትንፋሽ ያለው ነገር እሱ ብቻ ነው። እሱም ከሞተ ሁለተኛ ልቀብርህ ነው። ከሙት ዓመትህ በፊት ወደ መስታወቱ ልመልሰው ቆረጥኩ።

ግን ምን ላይ? ሰላም ቤቱ ፈካ ይበል ብላ ሰማያዊ ጠጠር ላከች፤ ሳየው የልጆች መጫወቻ መሰለኝ፣ መልሼ ቋጠርኩት። ባለሱቁ ጀማል ደግሞ በሶፍ ዑመር በኩል ሲመለስ የሚያምር ነጭ ድንጋይ አመጣልኝ። ሎሚ ጠብ አድርጊበት፣ ከፈላ ኖራ ነው፣ ውኃውን ያበላሻል ያልከኝን አስታውሼ ሎሚ ጨመቅኩበት። ፈላ። ጀማል እየሳቀ፣ አስተማሪ ሆነሻል ብሎኝ ሄደ። ጎረቤታችን አዴ ቢፍቱ ይህን ሁሉ ሲያዩ ከርመው፣ ልጄ፣ ጥቁር ምን አደረገሽ አሉኝ። ዝናብ ያዘለ ደመና ጥቁር አይደለም ወይ፤ እናቴ ስትመርቀን ፈጣሪን ዋቃ ጉራቻ፣ ጥቁሩ አምላክ ብላ ነበር የምትጠራው አሉኝ። እኔ ጥቁርን የማውቀው በከል ብቻ ነበር።

በማግስቱ ሻያ ወንዝ ወርጄ ጥቁር ጠጠር ለቀምኩ። ከል የለበሰች ባልቴት ወንዝ ዳር ተንበርክካ ድንጋይ ላይ ሎሚ ስታንጠባጥብ ያየ ሁሉ፣ ሴትዮዋ ለየላት ሳይል አይቀርም። ቀቀልኩት፤ በውኃ ብቻ አጠብኩት። አንጥፌ፣ ውኃውን ሞልቼ አሳድሬ፣ ሻለቃን ለቀቅኩት። መጀመሪያ ጥግ ይዞ ቆመ። ከዚያ ወጣ ወጣ አለ። ከዚያ በላ።

ትናንት ከሰዓት ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ አየሁት። ቀልቷል፤ በርበሬ መስሏል። ከወዲያ ወዲህ ከፊት ከፊት ይዋኛል፤ ግን ከኋላው የሚከተለው የለም። ተፈራ ና እይ፣ አሸነፍከኝ ብዬ ጮህኩ። ጮኼም ወደ በሩ ዞሬ ጠበቅኩህ። ነፋሱ የጣራውን ቆርቆሮ ይመታል። ዓመት ሙሉ አልቅሼልህ፣ መሞትህ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ከእንግዲህ እንደማትስቅብኝ ገባኝ፤ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ለሰላም አልመጣም አልኳት፤ አኩርፋለች። ሻለቃን አላስርበውም። ጠዋት ጠዋት ሳበላው ስምህን እጠራለሁ፤ አንድ ቀን ሻለቃ ባይኖርም እጠራዋለሁ። ቅዳሜ ሴቶቹ ከሌን ሲያወልቁልኝ እሺ እላለሁ፤ ቡናማውን ቀሚስም እለብሳለሁ። ከዓሣህ ሥር ያነጠፍኩትን ጥቁር ግን ማንም አያስወልቀኝም። እንግዶቹ ከጠየቁ የምመልሰውን አውቃለሁ፤ የወይዘሮዋ ምርጫ ነው።

ወይዘሮህ አልማዝ