በአንድ ቀን ያጨድኩት የገንዳ ሣር

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ደህና ነኝ እያልሽ ትደብቂያለሽ? እናታችን ጉልበቷን እንዴት አደረጋት? ጋሼ ባልሽስ ሥራው እንዴት ይዞታል? ግቢው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው? እኔ ሰውነቴ ደህና ነው፤ ሆዴ ግን እናንተ ዘንድ ነው ያለው።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆነው። ልጄን ድንቡሼን ላንቺ ትቻት ወደ ሰው አገር ስመጣ ገና ድክ ድክ ትል ነበር፤ ይኸው አምስት ዓመት አሳደግሻት። ትምህርት ቤት ስትመዘገብ የእናትሽ ስም ማነው ቢሏት ያንቺን ስም መናገሯን የነገርሽኝ ቀን ደሜ ፈላ። ከዛሬ ጀምሮ እማዬ እንዳትልሽ፣ እናትሽ ሌላ ናት ብለሽ ንገሪያት ብዬ በስልክ ጮህኩብሽ። አንቺም እንዳልኩሽ አደረግሽ። አሁን ደግሞ ጭራሽ መጥራት ትታለች፣ ስትፈልገኝ ቀሚሴን ትጎትታለች፣ ስልክ ሲጮህ አልጋ ሥር ትገባለች፣ ምን ይሻለኛል ብለሽ ጻፍሽልኝ። መልሱን ያዘገየሁት ንቄሽ አይደለም፤ ልቤ አልቆርጥ ብሎኝ ነው። ስልክ ላይ ደግሞ እልሄ ይቀድመኛል፤ ለዚህ ነው የምጽፍልሽ።

የምሠራበትን ቤት ነግሬሻለሁ። አሰሪዬ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ እሜቴ እላቸዋለሁ። ዓይናቸው ደክሟል። ቤቱ ውስጥ ከሁለታችን ሌላ ነፍስ ያለው ነገር ቢኖር ሳሎኑ መስኮት አጠገብ ያለው የመስታወት የዓሣ ገንዳ ብቻ ነው። እሳቸው ወሬ አያበዙም፤ ቀኑን ሙሉ ለገንዳው አየር ከምትነፋው ትንሽ ሞተር ድምፅ በቀር የሚሰማ የለም። አንዳንድ ቀን አፌን ሳልከፍት ስለሚመሽብኝ ዓሦቹን ማማት ጀምሬያለሁ። አንዷ ሆዳም ዓሣ ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋን ቁርጥ ናት፤ እንዳትነግሪያት።

ገንዳው ውስጥ ረጃጅም ሣር አለ። ከጠጠሩ ተነስቶ ውሃው አናት ላይ ይደርስና መሄጃ ሲያጣ እዚያው ይተኛል። ያኔ ብርሃኑን ስለሚከልል ከሥር ያሉት አጫጭሮቹ ይገረጣሉ። እሜቴ ከርክሚው ሲሉኝ፣ እኔ የእናታችን ልጅ፣ እንደ ጓሮ ጎመን ቅጠሉን ከሥር ከሥር ቀነጠስኩና ጫፉን ሳልነካ ተውኩት። ጎመን አናቱ ከተነካ አለቀለት እየተባልን አይደል ያደግነው? እሜቴ እጃቸውን ውሃው ውስጥ ከተው ሲዳብሱ ግንዱ ራቁቱን ቆሟል። እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። የሚቆረጠው ጫፉ ነው፣ የቆረጥሽውን መልሰሽ ጠጠሩ ውስጥ ብትሰኪው ራሱ ሥር ይሰዳል አሉኝ። ደግሞ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እንጂ ሁሉንም በአንዴ እንዳትነኪ ብለው አስጠነቀቁኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።

የጮህኩብሽ ቀን ስልኩን ዘግቼ መቀስ አነሳሁ። አንድም አላስቀረሁም። ገንዳው ከዳር እስከ ዳር ጠርቶ ሲታይ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። በማግስቱ እሜቴ የዓሣ ጫጩቶቹ እንዴት አደሩ አሉኝ። እነዚህ ዓሦች እንቁላል አይጥሉም፤ ልክ እንደ ፍየል ነው የሚወልዱት። የሚወለዱት ከጥፍር አይበልጡም፣ ውሃው ላይ በተኛው ሣር ውስጥ ተሸሽገው ነው የሚያድጉት። እሜቴ ስለማያዩ በየጠዋቱ የምቆጥርላቸው እኔ ነበርኩ። አሥራ አንድ ነበሩ። ያን ቀን ሁለት አገኘሁ፤ ሌሎቹን ትልልቆቹ በልተዋቸዋል። ከሁለቱ አንዷ ሞተሯ ጀርባ ተለጥፋ ምግብ ብበትንላትም አልወጣ አለች። እሜቴ አልተቆጡም። ሣሩ ቤታቸው እኮ ነበር አሉ። እኔ ገንዳው ፊት ቆሜ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ነው አልጋ ሥር ትገባለች የሚለው ደብዳቤሽ የደረሰኝ። መልሱን ያኔውኑ አውቄው ነበር። ግን እማዬ የምትለዋን ያቺን አንዲት ቃል ከለቀቅኩ ለእኔ ምን ይቀረኛል እያልኩ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከራሴ ጋር ስሟገት ቆየሁ።

በይ እትዬ፣ ድንቡሼን አቅፈሽ እንደ ድሮሽ ጥሪኝ በያት። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ስትወድቅ ያነሳሻት፣ ትኩሳት ሲይዛት ያዘልሻት አንቺ ነሽ። ስልክም ካላሰኛት አታስገድጃት። አይከፋኝም ብዬ አልዋሽሽም። እዚህ ስሜን አቆላምጦ የሚጠራኝ አንድ ሰው የለም፤ ብቸኝነቱ ስስታም አደረገኝና ከልጄ አፍ ልነጥቅ ሄድኩ። ውሌ ሊያልቅ ሁለት ዓመት ይቀረዋል። ስመጣ እኔው ራሴ፣ አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ እናቷ መሆኔን ቀስ ብዬ እነግራታለሁ።

እናታችንን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ለጋሼ አክብሮቴን ንገሪልኝ፤ ሳይሰለች ልጄን እንደ ልጁ ስለያዘልኝ ውለታው አለብኝ። ልብስ ሰፊዋንም ሰላም በያት፤ የድንቡሼን ዩኒፎርም ስትሰፋ ሰፋ ታድርገው፣ ቶሎ እያደገች ነው። ድንቡሼን ሁለት ጉንጮቿን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ማን ነው የላከው ካለችሽ፣ አክስትሽ ናት በያት።

ታናሽ እህትሽ
ከእሜቴ ሳሎን፣ ከመስኮቱ አጠገብ
እሁድ፣ ኅዳር ፱ ቀን