የማልውጣቸው ክኒኖች

ልጄ እንዮናም፣ እዚያ ሊብረቪል የምትረግጪው መሬት ይባረክልሽ፤ ክፉ አይንካሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጣሪያው ብቻ ያፈሳል።

ክኒን በሳፋ ተሸክማ ከምታዞረው ከአኩቪ እንዳልገዛ በስልክ ተቆጥተሽኝ ነበር። እውነትሽን ነው። ጎረቤታችን ዴላሊ የአኩቪን የደም ግፊት ክኒን ሦስት ወር ስትውጥ ከርማ አንድ ጎኗ ሽባ ሆነ። ሐኪሙ «የዋጡት ጠመኔ ነው» አላት።

እኔ ግን አሁንም እገዛለሁ። አትጩሂብኝ! የምውጠው የጤና ጣቢያውን ነው፤ የአኩቪን በወተት ቆርቆሮ አጠራቅመዋለሁ። «እማማ፣ እንዴት አደሩ?» ብላ ሳፋዋን አውርዳ አጠገቤ የምትቀመጥ እሷ ብቻ ናት። ካልገዛሁላት ሳትቀመጥ ታልፋለች።

ቆርቆሮው ሞልቷል። ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ልጄ። እባክሽ ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ደውይልኝ፤ እሷ በደጄ የምታልፈው ያኔ ነው፤ ካንቺ ጋር ሳወራ አልጠራትም።

እናትሽ አብላ