ከአንተ አይደለም አሉኝ

ማቴዬ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው የፍቼ በዓል አለፈ። ዘንድሮም ለጭፈራው ጉዱማሌ አደባባይ ወጥተን ነበር። ልጃችን ሜሮን ከእህትህ ልጆች ጋር እስክትደክም ጨፈረች፤ እኔ ዓይኔን ከእሷ ላይ ማንሳት አቃተኝ። ቤቱ እንዳለ ነው። አንተ የዘረጋኸው የበረንዳ መብራት አንዴ ይበራል አንዴ ይጠፋል፤ ሌላ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ እንዲነካው ግን አልፈለግሁም።

የምነግርህ ነገር አለኝ፣ ከየት እንደምጀምር ግን እንጃ።

ሜሮን ግቢ ውስጥ ገመድ ስትዘል ወድቃ የተንቀጠቀጠች ቀን፣ እኔ ስጮህ አንተ ክብሪት ጭረህ ጭሱን አሸተትካት። ልጅ ሳለህ አንተንም ሲጥልህ እንዲሁ ያደርጉልህ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሲጋራ የማታውቀው ሰውዬ ክብሪት ከሸሚዝ ኪስህ አልለይ አለ። የሚጥል በሽታ ነው ተብሎ መድኃኒት ጀመረች። አንተ ግን ከእኔ ወረሰችው እያልክ ሳቅህ ጠፋ። በዚሁ ሐሳብ ላይ እንዳለህ ነው የመኪናው አደጋ የወሰደህ።

ክረምቱ ሲገባ አንድ ዓይኔ ጨለመብኝ አለች። ጭንቅላቷን በኤምአርአይ አዩ፣ ደሟን መረመሩ። የሰውነቷ መከላከያ ተሳስቶ የገዛ ነርቮቿን ሽፋን እያጠቃ ነው አሉኝ ሐኪሙ። ያኔ የጣላትም የዚሁ የመጀመሪያ ምልክት ነበር፤ በልጆች ላይ አንዳንዴ እንዲህ ይጀምራል አሉ። ሽፋኑ የተላጠ የኤሌክትሪክ ገመድ አስቢ ሲሉኝ ራሴን ነቀነቅሁ እንጂ አልገባኝም። አንተ ብትሆን ወዲያው ይገባህ ነበር። ሰውነት እንዴት ራሱን ይመታል? ያኔውኑ ቢታወቅ ዓይኗ አይነካም ነበር? ማንን ልጠይቅ?

አንድ ነገር ግን ጠየቅኋቸው፣ ከአባቷ ነው ወይ ብዬ። ከአባቷ አይደለም፣ ከእሱ የልጅነት ሕመምም ጋር አይገናኝም አሉኝ። ደስ ብሎኝ ይሁን ተናድጄ አላውቅም፣ ባጃጅ ውስጥ እስከ ታቦር ሰፈር ድረስ አለቀስኩ። ምነው ይህን አንተ ሰምተህ በነበር።

አሁን ለዚህ በጀመረችው አዲስ መድኃኒት ፊቷ አብጧል፣ እህል አይበቃትም፤ ዓይኗ ግን እየተመለሰ ነው። ከጣላት በጎኗ አስተኚያት፣ የክብሪት ጭስ ምንም አይፈይድም ተብያለሁ። ክብሪትህን ግን እስካሁን በቦርሳዬ ይዤው እዞራለሁ፤ ለምን እንደሆነ ለራሴም ግራ ገብቶኛል።

ሜሮን አንድ ቀን መጠየቋ አይቀርም። ግንባርሽና ግትርነትሽ ከአባትሽ ነው፣ በሽታው ግን አይደለም እላታለሁ። አንተም ጋ መቃብርህ ድረስ በመጣሁ ቁጥር ይህንኑ እደግምልሃለሁ፤ መስማት አለመስማትህን ባላውቅም።

ከአንተ አይደለም፣ ማቴዬ።