የአባቴን ጫማ ስለ መመለስ

ለተከበሩ የአካባቢ ጥበቃ መምሪያ ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? እግርዎስ ተሻለዎት? እኔ እግሬን ከሚበርደኝ በስተቀር እጅግ ደህና ነኝ።

ይህን የምጽፍልዎ የመሥሪያ ቤታችን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ስሆን፣ «አሮጌ ጫማ አስረክቡ፣ አረንጓዴ ጫማ አድርጉ» በሚለው መመሪያዎ መሠረት ባለፈው ሰኞ ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ያስረከብኩት ነኝ። ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ. ያ ጫማ አባቴ ሃያ ዓመት፣ እኔ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት ያደረግነው ነው። ሶሉ አራት ጊዜ ተቀይሯል። አባቴ ጫማ የሚያልቀው ባለቤቱን ሲሰለቸው ነው ይሉ ነበር። እርስዎ ግን «የብክነት ምልክት» ብለው መዝግበውላቸዋል፤ ይህን ማዕረግ ሳያዩ መሞታቸው ይቆጨኛል።

2ኛ. በምትኩ የሰጡን ጫማ በእርግጥም ለአካባቢ ተስማሚ ነው፤ ከአካባቢው ጋር ለመዋሃድ የፈጀበት አራት ቀን ብቻ ነው። ሐሙስ ዕለት ካፊያ ነካ ሲያደርገው ሶሉ ደረጃው ላይ ቀረ፣ እኔ ሁለተኛ ፎቅ ደረስኩ። ጫማ ሰፊውም አገላብጦ አይቶ፣ መርፌ የሚይዝ ቦታ ቢያጣ፣ ነፍስ ይማር ብሎ መለሰልኝ።

3ኛ. ሌላ እንዲሰጠኝ ባመለክት፣ በሳምንት ሁለት ጫማ መጠየቅ አባካኝነት ነው የሚል ማስጠንቀቂያ በአራት ኮፒ ደረሰኝ። ስለ ወረቀቱ ቁጠባ አመሰግናለሁ። ይኸው በነጠላ ጫማ እየገባሁ ነው።

4ኛ. የአባቴን ጫማ እንዲመልስልኝ ንብረት ክፍልን ብለምነው፣ አሮጌዎቹ በሙሉ በቃለ ጉባኤ ተወግደዋል አለኝ።

ክቡር ሆይ፣ ቀልዱን ልተወውና፣ ጠዋት ጠዋት ያንን ጫማ ሳጠልቅ የአባቴ ጣቶች ባሰመጡት ቦታ ላይ የእኔ ጣቶች ያርፉ ነበር። ናፍቆኛል። በስህተት ሳይወገድ ተርፎ ከሆነ ይመለስልኝ።

መመሪያዎ ካወጣው ጫማ የበለጠ ዕድሜ እየተመኘሁልዎ፣ በባዶ ተረከዝ እጅ እነሣለሁ።

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ

ግልባጭ፦ ለጫማ ሰፊው፣ ደረጃው ሥር

ማሳሰቢያ፦ ቅዳሜ በዚያ ሁሉ ዝናብ መድረክ ላይ ቆመው ስለ አረንጓዴው ጫማ ጥንካሬ ሲናገሩ፣ ጫማዎ ጠብታ ውሃ ሳያስገባ መዋሉ አስደስቶኛል። ግራው ተረከዝ ላይ ያለችውን ባለሦስት ማዕዘን ቁራጭ ቆዳ ያስለጠፍኳት እኔ ነኝ። የጫማው ቁጥር አርባ አንድ ነው፤ ከመድረኩ ሲወርዱ እያነከሱ ስላየሁ ነው እንጂ፣ ለመመለሱስ ባላስቸኮልኩዎ ነበር።